ወደ ማንኪራ፣ ነዳጅ ከሚያሸቱ ባክቴሪያዎች ጋር

ከቦንጋ ከተመለስኩ ወዲህ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ "ጫካው እንዴት ነው?" ይለኛል። ጫካው በጣም ደህና ነው። እኔ ግን የጉዞውን ዋና ዋና ሰዓቶች ያሳለፍኩት ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር አንድ ጋቢ ውስጥ ተሸፍኜ ስለሆነ፣ ስለ ጫካው የምነግራችሁ ጥቂት ነው። ስለ ጋቢው ግን ብዙ አለኝ።

ሰኞ

አዲስ አበባ ስንሳፈር ረዳቱ የሰውን ዕቃ እየተቀበለ ጣሪያ ላይ ይጭናል። ሻንጣዬን ወሰደ። ሰማያዊዋን አይስ ቦክስ ግን አልሰጠሁትም።

"እንቁላል ነው?" አለኝ።

"አይደለም።"

"ክትባት?"

"አይደለም።"

"ታዲያ ምን ሆነሽ ነው እንደ ሕፃን ያቀፍሽው?"

"ባክቴሪያ ነው" አልኩት። ላስፈራራው ፈልጌ ሳይሆን መዋሸት ስለማልችልበት ነው። ድምፄን በጣም ዝቅ አድርጌ ነበር። አውቶቡስ ውስጥ ግን ሰው ጆሮውን የሚያቆመው ድምፅ ዝቅ ሲል ነው። አጠገቤ የተቀመጡት ጠና ያሉ ሴት ወደ መተላለፊያው ፈቀቅ አሉና እስከ ወሊሶ ድረስ በመቀመጫቸው ግማሽ ላይ ተጓዙ።

ወሊሶ ላይ ሙዝ ገዝተው ለእኔም አካፈሉኝ። ያዘኑልኝ ይመስለኛል። "እና እነዚህ ነገሮችሽ ሥራቸው ምንድነው?" አሉኝ።

ስለ ሥራዬ ስጠየቅ ዓይን አፋርነቴ ትንሽ ይለቀኛል። እንዲህ አልኳቸው፦ ዘይትና ነዳጅ በፈሰሰበት አፈር ውስጥ የሚኖር፣ ነዳጅ ሲመጣ የሚያውቅ ባክቴሪያ አለ። ባሕር ውስጥ ደግሞ እንደ መብራት የሚያበራ ሌላ ባክቴሪያ አለ። እኛ ቤተ ሙከራ ውስጥ የመጀመሪያውን የማሽተቻ ዘረ-መል፣ የሁለተኛውን የመብራት ዘረ-መል ወስደን፣ ሰው የማይጎዳ ሦስተኛ ባክቴሪያ ውስጥ አገናኘናቸው። ነዳጅ ከሌለ ጨለማ ነው። ነዳጅ ካለ ያበራል። እንደ ዱቄት ወተት ደርቀው በትንንሽ ጠርሙሶች ታሽገዋል፤ ውኃ ሲነካቸው ይነቃሉ።

"ከጠርሙሱ ቢያመልጡስ?"

"አናስወጣቸውም። የጉዞ ፈቃዳችንም በዚሁ ነው። ሥራቸውን ሲጨርሱ በረኪና እንጨምርባቸዋለን።"

"ውይ፣ ያሳዝናሉ" አሉና መቀመጫቸውን ሞልተው ተቀመጡ።

ባክቴሪያዎቹ የተሠሩት መንገድና ጋራዥ ሥር ያሉ ምንጮችን ለመፈተሽ ነው። እኔን ወደ ካፋ የወሰደኝ ግን ማር ነው። አብራኝ የተማረችው፣ አሁን ቦንጋ የምታስተምረው አስቴር ደውላ የነገረችኝ ይኸው ነው፦ የእናቷ ዘመዶች በሚኖሩበት በማንኪራ የንብ አናቢዎች ማኅበር አለ። አባላቱ ከቀፎ ያወረዱትን ማር ማኅበሩ በገዛቸው አዳዲስ ጄሪካኖች ገልብጠው፣ በየስማቸው አስቀምጠው ገዢ ይጠብቃሉ። አንድ ቀን መጋዘኑ ሲከፈት ቤንዚን ቤንዚን ሸተተ። ከሁሉ የባሰ የሚሸተው የጋሽ ወልደሚካኤል ጄሪካን ነው። የጋሽ ወልደሚካኤል ልጅ ታምራት ደግሞ ሺሺንዳ መንገድ ዳር ለሞተር ሳይክሎች ቤንዚን ይቸረችራል።

ሰው ሁለቱን ደመረ። ሽማግሌው ማሩን ያመጡት በልጃቸው የቤንዚን ዕቃ ነው፣ ሽታውም ለሌላው የተጋባው ከዚያ ነው ተባለ። እውነት ከሆነ ከማኅበሩ ይወጣሉ። እሳቸው አላደረግሁም ብለው ማሉ፤ ለልጃቸውም "ይህ ነገር እስኪጠራ ቤቴን እንዳትረግጥ" ብለው ላኩበት።

"ማሩን ላኪልኝ፣ እዚህ ልፈትሸው" ብያት ነበር አስቴርን።

"ያላዩትን ውጤት አይቀበሉም" አለች። "አፍንጫ እኛም ጋ ሞልቷል፤ የሚስማማ አፍንጫ ነው ያጣነው። ያንቺዎቹን ይዘሽልን ነይ።"

ጅማ የገባነው ጀንበር ስታዘቀዝቅ ነው። ያደርኩበት ሆቴል ወጥ ቤት ያሉት ሴት የበረዶ ከረጢቶቼን ፍሪጃቸው ውስጥ እንዲያሳድሩልኝ ለምኛቸው ተኛሁ።

ማክሰኞ

ጠዋት ስሄድ አንዱ ከረጢት የለም። ማታ አንድ ሾፌር እንግዳ እግሩ ወለም ብሎት ነበር፤ ሴትዮዋ በረዶዬን አሥረውለታል። ሾፌሩ እያነከሰ መጥቶ ራሱ መለሰልኝ፣ ሞቅ ብሎ። "እግዜር ይስጥሽ፣ ዶክተር" አለኝ። ዶክተር እንዳልሆንኩ ለመናገር አፌን ስከፍት ሴትዮዋ የረጋ ውኃ የያዙ ሁለት ፕላስቲኮች ሳጥኔ ውስጥ ከተው ዘጉልኝ። ያደግሁበት ደብረ ብርሃን ቢሆን በረዶ ፍለጋ ፍሪጅ ባላስፈለገን ነበር፤ ኅዳር ላይ ባልዲ ውጭ ማሳደር ይበቃል።

ከጅማ እስከ ቦንጋ በሚኒባስ ነው። ጎጀብን ተሻግረን መውጣት ስንጀምር አገሩ በአንድ ጊዜ አረንጓዴ ሆነ። እኔ ያደግሁበት አገር ዛፍ ማለት ባሕር ዛፍ ነው፤ ወታደር ይመስል በመስመር ይቆማል፣ ሲደርስም ይቆረጣል። እዚህ ዛፉ በዛፍ ላይ ተንጠልጥሏል፣ በዚያም ላይ ሐረግ፣ በሐረጉም ላይ ሌላ ነገር። መስመር የሚባል ነገር አልሰማም። የኛ ሰው ቢያየው መጀመሪያ የሚለው "ማን ነው ይሄን ሁሉ ሳያስተካክል የተወው?" ነው።

ቦንጋ በዝናብ ተቀበለችን። ከተማዋ ኮረብታ ላይ ስለሆነች ባጃጁ ሽቅብ ሲወጣ አይስ ቦክሷ ተንሸራታ እግሬ ሥር ገባች፤ እኔም ተንሸራትቼ አስቴር ላይ ተደገፍኩ። "አልተለወጥሽም" አለችኝ። "ሰላምታሽ እንኳ በአደጋ ነው።"

የአስቴር እናት እትዬ አልማዝ ቆጮ በጎመን ከነ ሚጥሚጣው አቀረቡልን። እንጀራ ስትቆርሰው ይታዘዝሻል። ቆጮ ግን ይከራከራል። ሦስተኛው ጉርሻ ላይ ተግባባን። በልተን ስንጨርስ ሳጥኔን ካስቀመጥኩበት አጣሁት። እትዬ አልማዝ መኝታ ቤት ወስደው በወፍራም ብርድ ልብስ ጠቅልለውታል።

"ሕይወት አላቸው ስትሉ ሰማሁ" አሉኝ። "የቦንጋ ብርድ ደግሞ ለእንግዳ አይሆንም።"

አስቴር እየሳቀች መሬት ልትወድቅ ደረሰች። እኔ ግን ጠዋት ስከፍተው በረዶውን እንደነበረ አገኘሁት፤ ብርድ ልብስ ሙቀት አይሠራም፣ ያለውን ይጠብቃል እንጂ። እትዬ አልማዝ ሊያሞቋቸው ብለው በደንብ አቀዝቅዘውልኛል። አመሰገንኳቸው፤ ምክንያቱን አልነገርኳቸውም።

ረቡዕ

ረቡዕ ጾም መሆኑን እትዬ አልማዝ ረስተዋል። እሳቸው ፕሮቴስታንት ናቸው፤ ለእኔ ክብር ሌሊት ተነስተው ቅቤ የጠጣ ጨጨብሳ ሠርተዋል። ሳህኑን ፊት ለፊቴ አስቀምጠው ቆሙ። እንዴት እንደምነግራቸው ሳስብ አስቴር "እማዬ፣ ሰብለ ጾመኛ ናት" አለችልኝ። እሳቸውም ሳህኑን አንስተው ገቡና ጎደሬ ቀቅለው ከማር ጋር ይዘው ተመለሱ። "ማር ይጾማል?" አሉ። አይጾምም። በልቼ አላውቅም እንዲህ ያለ ማር፤ ነጭ ነው፣ የረጋ። የኛ አገሩ ማር ከማንኪያ ላይ ይሮጣል፣ ይህኛው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

ሦስታችንም ወደ ማንኪራ ወጣን። መኪናው ጭቃ እስኪይዘው ድረስ በመኪና፣ ከዚያ በእግር። ጭቃ ለመርገጥ አልተፈጠርኩም። አንድ ቁልቁለት ላይ ሁለቱም እግሮቼ ወደ ፊት ሄዱና እኔ ቀረሁ። በጀርባዬ ተንጋልዬ አይስ ቦክሷን ወደ ሰማይ ይዤ ነበር። ከላይ ጉሬዛዎች ቅርንጫፍ ላይ ተደርድረው ቁልቁል ያዩኛል፤ ጥቁርና ነጭ ለብሰው፣ ለቀብር የመጡ ይመስላሉ።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ሽፈራው መጋዘኑ በር ላይ ጠበቁን። ትሑትና ሥርዓት የሚወዱ ሰው ናቸው፤ እጃቸውን በእጃቸው ደግፈው ነው የጨበጡኝ። አባላቱ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። አንድ ሽማግሌ ብቻ ከዝናቡ ተጠልለው ከጣሪያው ጫፍ ሥር፣ ከሌሎቹ ራቅ ብለው ቆመዋል። ማንነታቸውን መጠየቅ አላስፈለገኝም።

"ጋሽ ወልደሚካኤል፣ ይቀመጡ እንጂ" አላቸው ተስፋዬ፣ የማኅበሩ ታናሽና ዋና ቀልደኛ።

"እዚሁ ይሻለኛል" አሉት። "እኔ ከተቀመጥኩ አግዳሚውም ይሸታል ትላላችሁ።"

ማንም አልሳቀም።

ሥራውን እንዲህ አደረግነው። አስቴር ከየጄሪካኑ በአዲስ ማንኪያ ናሙና ወስዳ ቁጥር ሰጠችው። የትኛው ቁጥር የማን እንደሆነ እሷ ታውቃለች፤ እኔ አላውቅም። እንዳላዳላ ነው። እኔ እያንዳንዱን እኩል ለእኩል በውኃ በጥብጬ ጠርሙስ ውስጥ ከባክቴሪያዎቹ ጋር አሸግሁት። ሁለት መመዘኛ ጠርሙሶችም አዘጋጀሁ፤ አንዱ ንጹሕ ውኃ ብቻ፣ ሌላው አስቴር ራቅ አድርጋ ባስቀመጠችው ጠብታ ቤንዚን የተነካ ውኃ። ከዚያ መጠበቅ። ከዚያ ጨለማ ያስፈልጋል።

ጨለማው ነው ያስቸገረን። መጋዘኑ የእንጨት ግድግዳ ነው፣ በየስንጥቁ ቀን ይገባል። አቶ ሽፈራው ጋቢያቸውን አወለቁ። ሌሎቹም አወለቁ። ጋቢ በጋቢ ላይ ደራርበው ጠረጴዛውን ሸፈኑትና "ግቢ እንግዲህ" አሉኝ። ገባሁ። ማየት የፈለገ ሁሉ ተከትሎኝ ገባ። እኔ ሚኒባስ ላይ ትከሻ ለትከሻ መቀመጥ የሚከብደኝ ሰው፣ በጢስና በዝናብ ሽታ መሐል፣ አንድ የማላውቀው ጢም ጉንጬን እየወጋኝ ጠርሙስ እቆጥራለሁ።

"ማን ነው የረገጠኝ?" አለ ተስፋዬ።

"ዝም በል፣ ባክቴሪያ ታስደነግጣለህ" አሉ እትዬ አልማዝ። እሳቸው እንዴት እንደገቡ አላውቅም።

የቤንዚኑ መመዘኛ ጠርሙስ በራ። ሰማያዊ ያዘለ አረንጓዴ፣ ፈዘዝ ያለ፣ ግን የማያጠራጥር። ንጹሑ ውኃ ጨለማ ነው፣ እንደሚገባው። የማሮቹ ጠርሙሶችስ? ሁሉም ጨለማ። አንድም አልበራም።

ጋቢው በአንድ ጊዜ ተገለጠ። በቋንቋቸው በካፊኖኖ ይጯጯሃሉ፣ ይጨባበጣሉ። አቶ ሽፈራው ወደ ሽማግሌው ሄደው ትከሻቸውን ስመው ወደ አግዳሚው አመጧቸው። "ማሩ ንጹሕ ነው፣ ሽታውም ይለቃል፣ ተረሳ በቃ" አሉ። አስቴር ተርጉማልኝ ስትጨርስ ፊቴን አየችውና ፈገግታዋ ጠፋ።

ልናገር ፈለግሁና አመነታሁ። ዝም ብል ሽማግሌው ነጻ ናቸው፣ ማኅበሩም ይታረቃል። ግን ማሩ ይሸጣል፣ ሰውም ይበላዋል። ደግሞ ሽታው እኔም አፍንጫ ውስጥ ገብቷል። የአስቴርን ክንድ ይዤ ቆሜ "ይቅርታ" አልኩ። ማንም አልሰማኝም። እትዬ አልማዝ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው ሲመቱት ሁሉም ዞረ።

"ይቅርታ" አልኩ እንደገና። "አላለቀም። አለመብራት ሁለት ትርጉም ሊኖረው ይችላል። ወይ ነዳጅ የለም፣ ወይ የሚያበሩት ሞተዋል።"

"ሞተዋል?" አሉ አቶ ሽፈራው።

"ማር ገድሏቸው ይሆናል። ጨው ሥጋን ቋንጣ እንደሚያደርገው፣ ወፍራም ማር ውኃቸውን ይመጥጣል።"

ተስፋዬ ራሱን ነቀነቀ። "አይ የኛ እህት። ሰው የተጣላ ሊያስታርቅ ይመጣል፣ አንቺ የታረቀውን ታጣያለሽ።"

ከዚያ ከአግዳሚው ጫፍ ጋሽ ወልደሚካኤል ቀስ ብለው ተናገሩ። "ትጨርስ" አሉ። "በሞተ ምስክር ነጻ መውጣት አልፈልግም።"

አስቴር ቤንዚኑን አመጣች። ከማሮቹ ጠርሙሶች አንዱን ከፍቼ አንድ ጠብታ ጨመርኩና አሸግሁት። ጠብቀን እንደገና ጋቢ ውስጥ ገባን፤ በዚህ ጊዜ ማንም አልቀለደም። ቤንዚን ያለበት ጠርሙስ ፊታችን ተቀምጦ ምንም አላበራም። ሞተዋል። እኩል ለእኩል ያደረግሁት ነዳጁ በውኃ እንዳይሳሳብኝ ፈርቼ ነበር። ጥንቃቄዬ ነው የገደላቸው።

"ነገ አቅጥኜ እሞክራለሁ" አልኩ። "ብርዝ አድርጌ።"

"ሰው ብርዝ አጥቶ ለእነሱ" አለ ተስፋዬ። ግን ጋቢውን ሲያጣጥፍልኝ አየሁት።

ያደርነው በእትዬ አልማዝ እህት ቤት ነው። ሌሎቹም እኛ ጋ ካልሆነ ብለው ለምነው ነበር፤ አቶ ሽፈራውም፣ ጋሽ ወልደሚካኤልም። ከሁለቱ ወደ አንዳቸው መሄድ የማይሆን መሆኑን ለማስረዳት ስቸገር እትዬ አልማዝ "ልጅቷ በእንግድነት እኔ ጋ ናት፣ አልቋል" ብለው ገላገሉኝ።

ሐሙስ

ብርዙን ጠዋት ሠራሁት፤ በአንድ እጅ ማር ላይ አሥር እጅ ውኃ። ቁጥሮቹን አስቴር በአዲስ መልክ ሰጠች። አሁን ያስቸገረው ብርድ ነው። ዝናቡ ሌሊቱን አላባራም፣ ባክቴሪያዎቹ ደግሞ ሙቀት ካላገኙ ይለግማሉ። ቤተ ሙከራችን ሙቀቱ የማይለዋወጥ ቁም ሣጥን አለው። ማንኪራ ያለው እሳት ነው፣ እሳት ደግሞ ይቀቅላቸዋል።

"ሰው ምን ያህል ይሞቃል?" አሉ አቶ ሽፈራው።

ይበቃ ነበር። ግን ጠርሙስ ብብታችሁ ውስጥ ያዙልኝ ብዬ ሽማግሌ መለመን እኔ አልችልም። ጠርሙሶቹን እንደያዝኩ ስቆም እትዬ አልማዝ ከእጄ አንዱን ነጥቀው ጡታቸው መሐል ሸጎጡና "ቀጣይ" አሉ። ሳቁ ሲበርድ እያንዳንዱ አንድ አንድ ወሰደ። አንድ ነገር ብቻ አስቴር በጥብቅ አዘዘች፤ የራሱን ማር ማንም አይይዝም። ጋሽ ወልደሚካኤል የያዙት የአቶ ሽፈራውን መሆኑን ያወቅሁት ኋላ ነው። የጋሽ ወልደሚካኤልን የትኛው ሰው እንደያዘው አስቴር አልተናገረችም።

ያን ረፋድ ያየን ሰው ምን ይል ነበር እላለሁ። የተከበሩ ሰዎች አንድ እጃቸውን ወደ ብብታቸው አጣብቀው፣ እንደ ታመመ ዶሮ ዘመም ብለው ስለ ቡና ዋጋና ስለ መንገዱ ያወራሉ። ተስፋዬ በየጥቂቱ "የኔ ተራገጠ" ይላል። ጋሽ ወልደሚካኤል ብቻ ጠርሙሱን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ደረታቸው ላይ አጣብቀውት ነበር።

ጠርሙሶቹን ሰብስቤ ጋቢ ውስጥ ገባን። ዓይናችን ጨለማውን እስኪለምድ ቆየን። ከዚያ መጣ። አንዱ ከሁሉ ደምቆ ያበራል። ሁለተኛው ከእሱ ፈዘዝ ያለ፣ ሦስተኛው ከዚያም የደከመ። ቀጥሎ ያሉት ልታይ አልታይ የሚሉ። የመጨረሻዎቹ ጨለማ። ጠዋት ከአንዱ ብርዝ ሌላ ጠርሙስ ቀድቼ ቤንዚን ነክቼበት ነበር፤ ያ ብርዝ ራሱ ጨለማ ሲሆን ቤንዚን የነካው ግን በርቷል፤ ስለዚህ ዛሬ የሞተ የለም። ከደማቁ ወደ ጨለማው ደረደርኳቸው። ጋቢው ተነሳ።

"አንብቢ" አሉ አቶ ሽፈራው አስቴርን።

አስቴር የመጀመሪያውን አይታ ዘገየች። "የጋሽ ወልደሚካኤል ነው" አለች።

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ። የሚሄድ ሰው አስተካከል ነበር። አንዱ አባል በካፊኖኖ የሆነ ነገር አጉረመረመ፤ አስቴር አልተረጎመችውም።

"ቀጥይ፣ እስከ መጨረሻው" አልኳት። ለምን እንዳልኩ ገና አላወቅሁም፤ ልማድ ነው፣ የጀመርኩትን ዝርዝር አላቋርጥም። ሁለተኛው ሌላ ሽማግሌ ነው፣ ሽበቱ ሙሉ የነጣ። ሦስተኛውም ሽማግሌ። አራተኛው አቶ ሽፈራው። ከእሳቸው ወዲህ እያነሱ እያነሱ ሄዱ። መጨረሻ ላይ፣ ፍጹም ጨለማው፣ ተስፋዬ። አስቴር ስም በጠራች ቁጥር ወደ ባለቤቱ ዞር ብዬ አይ ነበር። በዕድሜ ተሰልፈዋል።

ባክቴሪያ ሽበት አያውቅም።

"ማሩ ወደ ጄሪካኑ ሲገለበጥ" አልኩ፣ "ማን ቀድሞ ነው የገለበጠው?"

እንደ ሞኝ አዩኝ። "ጋሽ ወልደሚካኤል ናቸዋ" አለ ተስፋዬ። "ታላቅ እያለ ማን ይቀድማል?"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ተከታዩ። እኔ ጨለማ ሲሆን ደረሰኝ። እዚህ አገር ታናሽ ከሆንሽ ምሳም ማታ ነው።"

"በምን ነበር የምትገለብጡት?"

አቶ ሽፈራው ቀስ ብለው ወደ መጋዘኑ ጥግ ሄዱና ከግድግዳው ላይ የቆርቆሮ ኢምቡቶ አውርደው መጡ። ዘይትና ነዳጅ የሚገለበጥበት፣ አፉ ሰፊ፣ ጫፉ ቀጭን የሆነው ዓይነት። በዚያን ቀን የማኅበሩ ኢምቡቶ ጠፍቶ ነበር። አቶ ሽፈራው ከቦንጋ የመጡበት የባጃጅ ሾፌር የራሱን አዋሳቸው። "በውኃ በደንብ አጥቤዋለሁ" አሉ። "በቅጠልም ፈትጌዋለሁ።"

ቤንዚን ደግሞ በውኃ አይታጠብም። ኢምቡቶውን በጥቂት ብርዝ አለቅልቄ በቀረኝ ጠርሙስ ውስጥ ጨመርኩ። ይህን ጠርሙስ ማን ብብቱ ውስጥ እንደሚይዘው ማንም አልጠየቀም፤ አቶ ሽፈራው ራሳቸው ወሰዱት። ጋቢ ውስጥ ስንገባ ከሁሉም በላይ እሱ በራ። የአቶ ሽፈራውን ፊት በዚያ ብርሃን አየሁት፤ ለማየት አልፈለግሁም ነበር።

ነገሩ ይህ ነው። የሰፈሩ ሁሉ ታላቅ ስለሆኑ፣ አክብረው ስላስቀደሟቸው፣ የኢምቡቶው ቤንዚን አብዛኛው በጋሽ ወልደሚካኤል ማር ታጠበ። ሌላው የተረፈው የእሳቸው ማር ስለቀደመ ነው።

አቶ ሽፈራው ባርኔጣቸውን አውልቀው ፊት ለፊታቸው ቆሙ። "ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው" አሉ።

"ሽፈራው" አሉ ሽማግሌው፣ "ከእንግዲህም ማክበርህን አትተው፤ ግን ኢምቡቶ ላይ ታናሽ ይቅደም።"

ያን ጊዜ ነው ሰዉ የሳቀው፤ ከሁሉም በላይ ተስፋዬ። ያበሩት ጄሪካኖች ለሰውም ለንብም እንዳይሰጡ ተለይተው ተቀመጡ። አባላቱ ከጨለማዎቹ ላይ እየቀነሱ ለጎደለባቸው ሞሉ፤ ለጋሽ ወልደሚካኤልም ጭምር። በጣሳ ነበር የሚቀዱት፣ ቀስ እያሉ፣ ግማሹ ጣታቸው ላይ እየቀረ። እኔ ጥግ ይዤ ባክቴሪያዎቼን በበረኪና አሰናበትኳቸው። እትዬ አልማዝ አጠገቤ መጥተው "ይህኛው የኔ ነበር?" አሉና አንዱን ጠርሙስ እስኪደበዝዝ ድረስ አዩት።

ዓርብ

አስቴር ሺሺንዳ መንገድ ዳር ካለ ምንጭ ውኃ መቅዳት ነበረባት። እኔም ከሚዛን ወደ አዲስ አበባ የሚያልፈውን አውቶቡስ እዚያው ልጠብቅ ተነጋግረናል። ትናንት ማታ አብረውን ቦንጋ የገቡት ጋሽ ወልደሚካኤል "እኔም ሺሺንዳ ጉዳይ አለኝ" አሉ። ጉዳያቸውን ማንም አልጠየቃቸውም።

ቀኑ ገበያ ነው። የኛ አገር ገበያ በግና አቧራ ነው፤ የሺሺንዳ ገበያ ጭቃና ሙዝ፣ ኮረሪማና ጃንጥላ ነው። ጋሽ ወልደሚካኤል ሰው መሐል ሳይቆሙ አለፉ። መንገዱ ዳር፣ የቤንዚን ፕላስቲኮች የተደረደሩበት ሳንቃ ኋላ፣ አንድ ረጅም ሰው ተቀምጧል። ሲያያቸው ተነሳ። ወደ እሳቸው መምጣት እንዳለበት ወይም እንደሌለበት አላወቀም፤ መሐል ላይ ቆመ።

"አባዬ" አለ።

ጋሽ ወልደሚካኤል ደረሱ። ሰላም አላሉትም፣ ስለ ማሩም ምንም አልተናገሩም። "እጅህን አምጣ" አሉት።

ታምራት እጁን ዘረጋ። ሽማግሌው እጁን ይዘው ወደ አፍንጫቸው አቀረቡትና አሸተቱት፣ ከፊትም ከኋላም።

"ትሸታለህ" አሉ።

"ሥራዬ ነው፣ አባዬ።"

"አውቃለሁ። ታጠብና ና፤ እናትህ ምሳ ይዛ ትጠብቅሃለች።"

የሚዛኑ አውቶቡስ በዚያው ቅጽበት መጣ። አስቴር ወደ ውስጥ ገፋችኝ፤ አይስ ቦክሷን በመስኮት አቀበለችኝ። አዲሱ ረዳት "እንቁላል ነው?" ሊለኝ ሲል ባዶ መሆኗን ከፍቼ አሳየሁት። በመስኮቱ ውጭ ታምራት ከጎረቤት ሱቅ ሳሙናና ጆግ ውኃ ተቀብሎ ቁጢጥ ብሏል። አባቱ ከበላዩ ቆመው ውኃውን ያፈሱለታል፤ እሱ ክርኑ ድረስ ያሻል፣ ያነሳና ያሸታል፣ ደግሞ ያሻል። አውቶቡሳችን ሲነሳ ገና እየታጠበ ነበር።